ስለ ጥይት ውፍረት እኔን ጠይቁኝ

ባለፈው እሁድ ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ምሳ ስንበላ፣ ሁለት ወጣት ነጋዴዎች ስለ ሽጉጥ ተከራከሩ። ዲፕስሉት ሰፈር ሱቅ ያለው ታምራት «ጥይት ማለት አርባ አምስቱ ነው፤ አንዴ ያገኘውን ሰው አያስነሳም!» ይላል። ሶዌቶ የሚሠራው ደግፌ ደግሞ «ዘጠኝ ሚሊሜትሩ ብዙ ይጎርሳል፣ ጥይቱም እንደ ልብ ይገኛል» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ስልካቸው ላይ ያዩትን ነው የሚደግሙት። እኔ የዶሮ እግሬን እየጋጥኩ ሳቅኩባቸው። በዚህ ከተማ ስለዚህ ጉዳይ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሐበሻ ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ።

ከሆሳዕና መጥቼ ቶኮዛ በሚባል ሰፈር ሱቅ ስከፍት ገና ወጣት ነበርኩ። ስፓዛዬን፣ ማለት የመንደር ሱቄን፣ የተከራየሁት ጎጎ ከሚሏት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው፤ ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። የኔን ሱቅና የሷን መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ስታስል እሰማታለሁ። ሽንኩርት ስጠብስ ቆርቆሮውን አንኳኩታ ድርሻዋን ትጠይቃለች። እዚህ አገር ብርዱ ደረቅ ነው፤ በሰኔ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከሰል ስለሚያነድ እንጀራውም ዳቦውም ጭስ ጭስ ይላል።

በዚያ ብርድ ወቅት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ዘራፊዎች ገቡበት፤ ባለቤቱን ትከሻው ላይ በጥይት መቱት። ያገሬ ልጅ ኤርሚያስ እየሮጠ መጣ።

«ሽጥና ውጣ! ቀጣዩ አንተ ነህ።»

«ይምጡ» አልኩት። «በእጄ ያቆምኩትን ሱቅ ለሌባ አልለቅም።»

ቋሚ የመኖሪያ ወረቀት ስለነበረኝ ለጦር መሣሪያ ፈቃድ አመለከትኩ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበር፤ መዝገበ ቃላት ይዤ አጥንቼ በመጀመሪያው አለፍኩ። ሽጉጥ ለመምረጥ ስሄድ ኤርሚያስ ተከተለኝ።

«ትልቁን ውሰድ እንጂ! በትንሽ ሽጉጥ ማን ያከብርሃል?»

የኛ ሰው ስህተት ይህ ነው። ሽጉጥን የምንመዝነው ለክብር ነው፤ ሠርግ ላይ የምንታጠቀው ይመስል።

እኔ ግን ተኩስ መለማመጃው ሄጄ ሁሉንም በእጄ ሞከርኩ። ሃያ ሁለቱ ቀላል ነው፣ አይራገጥም፤ የሚሮጥብህን ሰው ለማቆም ግን ጉልበት ያንሰዋል። አርባ አምስቱ ጉልበት አለው፤ ግን ሲራገጥ የኔ ሁለተኛ ጥይት ከኢላማው ይሸሻል። ዘጠኙ መሐል ላይ ነው፣ ክፉ አይደለም። ሠላሳ ስምንቱ ስድስት ጎራሽ ግን ጥቂት ቢጎርስም ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ስትመዘው እሺ ይላል። ሱቅ ውስጥ የሚፈለገው ይህ ነው፤ እሱን መረጥኩ።

ከዚያ የመለማመጃውን አሠልጣኝ እንደ ሱቄ ግድግዳ ያለ ቆርቆሮ አምጥቼ ልተኩስበት ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ተኮስን፤ ትንሹም ትልቁም ወረቀት እንደሚበሳ በስቶት አለፈ። ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚያብበው ጥይት እንኳ አልቆመም። ቀዳዳው ውስጥ የታየኝ የጎጎ አልጋ ነው።

እኛ ባለስፓዛዎች የበቆሎ ዱቄት የምንደረድረው መስኮቱ ሥር ነው፤ ከባድ ስለሆነ፣ ደንበኛም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። እኔ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ከረጢቱን መለማመጃው ወስጄ፣ ደራርቤ አስተኮስኩበት፤ ዘጠኙም አርባ አምስቱም እዚያው ዱቄት ውስጥ ቀሩ። ተመልሼ ዱቄቱን በሙሉ በጎጎ በኩል ከወለል እስከ ደረቴ ደረደርኩት።

«ዱቄት ልትታጠቅ ነው እንዴ?» አለ ኤርሚያስ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

ዘራፊዎቹ የመጡት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦ ጫኙ መኪና ቆሞ የብረት በሩን በከፈትኩ ጊዜ ነው። ሁለት ሆነው ገቡ፤ አንደኛው ሽጉጥ ይዟል። ባንኮኒው ሥር ዝቅ ስል ተኮሰ። ጆሮዬ ጮኸ፤ ዱቄት እንደ በረዶ ዘነበብኝ። ስድስት ጎራሼን በሁለት እጄ ይዤ ተነሣሁና ደረቱ ላይ አነጣጠርኩ። ከጀርባው በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ዳቦ የሚጠብቁ ሴቶች ተሰልፈዋል። ምላጩን አልሳብኩም።

«ሃምባ!» ብዬ ጮህኩ፤ በዙሉ ሂድ ማለት ነው። «ሃምባ!»

የሽጉጤን አፈሙዝ አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወጥተው ሮጡ።

ጎጎ ብርድ ልብሷን ተከናንባ መጣች። ያን ቀን አሟት ተኝታ ነበር፤ ጥይቱ ያመራው ወደ ራስጌዋ ነበር፤ ከረጢቱ ውስጥ ቀረ።

«ሞተሃል?» አለችኝ።

«አልሞትኩም ጎጎ። ዱቄቱ ነው የሞተው።»

የከረጢቱን ቀዳዳ በጣቷ ነካካች። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ወዲያውም ዱቄቱ እንዳይባክን ጎድጓዳ ሳህን አምጥታ ትሰበስብ ጀመር።

ማምሻውን ኤርሚያስ «አሁንስ ትሸጣለህ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፣ «ዳቦ። ጠዋት ና።»

ይህን ሁሉ አውርቼላቸው ስጨርስ ታምራት ምሳውን ረስቶ ኖሯል።

«ታዲያ ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?»

«እጅህ የሚገዛውን ያዝ። ግን ከሱቅህ ግድግዳ ጀርባ ማን ነው የሚተኛው?»

ደግፌን አየ፣ መሬቱን አየ። «አላውቅም» አለ።

«እንግዲያው ዛሬ ሄደህ ሰላም በላቸው።»

ከዚያ ወዲህ ውጣ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ዘራፊም፣ የውጭ ሰው ይውጣ የሚል ሰልፈኛም፣ አዝኖልኝ የሚመክረኝ ወዳጅም። ግትር ነህ ይሉኛል። ነኝ። ግን ሽጉጥ ስላለኝ ብቻ የቆየሁ የሚመስለው ተሳስቷል። ሰልፈኞች ሱቁን ዝጋ ብለው በመጡ ቀን በሩ ላይ ቆማ «መጀመሪያ እኔን እለፉ!» ያለቻቸው ጎጎ ናት፤ በባዶ እጇ።