ሞዴሉ ውስጥ ያልነበረው ቆጥ

ስለ ሀምዲያ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መጀመሪያ የምነግረው እንደማልወዳት ነው። ጥፋት ኖሮባት አይደለም። ጥፋት ቢኖርባትማ እፎይ ባልኩ ነበር።

የመምህር ልጅ ናት፣ ከቡታጅራ የመጣች፣ ገና ሃያ ሰባት ዓመቷ። ከመርካቶ ሰባተኛ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው የሕንፃ ንድፍ ቢሯችን ስትቀጠር እኔ ዱባለ እዚያው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። መርካቶ ውስጥ ከቆሙት ፎቆች የስንቱን ኮለን ምሰሶ፣ የስንቱን ሶሌታ ወለል እንደሳልኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። እሷ በመጣች በሦስተኛው ወር አለቃችን ኢንጂነር ፍስሐ ሰብስቦን «ከእንግዲህ ሥራችን በቢም ነው» አለ። እኛ ቢም የምንለው ኮለን ላይ የሚጋደመውን የኮንክሪት አግዳሚ ነበር። እሱ ያለው ግን ሶፍትዌር ነው፤ ሕንፃውን በመስመር መሳል ቀርቶ ግድግዳውን እንደ ግድግዳ፣ ቧንቧውን እንደ ቧንቧ ኮምፒውተር ውስጥ የምትገነባበት። ሀምዲያ ታውቀዋለች። እኔ አላውቀውም።

የማይችል ሰው አይቶ የማይስቅ ሰው ያናድዳል። ሀምዲያ አትስቅም። አንድ ነገር ሲያቅተኝ ወንበሯን ስባ ትመጣና ታሳየኛለች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ኢንጂነሩ ድሮ «ዱባለን ጠይቁ» ይል የነበረው «ሀምዲያን ጠይቁ» ሆነ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ሥራ የያዝኩ መስዬ አቀረቅራለሁ።

አንድ ቀን በእጅ ጽሑፏ ወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ስትጀምሩ ኮለኖቹንና የወለሎቹን ከፍታ ቆልፉ፣ ማውሱ ነክቷቸው እንዳይሄዱ። ሥራችሁን በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ዋናው ፋይል ላኩ፤ ማታ እልካለሁ ያለ ሰው መብራት ሲሄድ ያለቅሳል። ሌላ ሰው የሠራውን ሳትጠይቁ አታጥፉ። ያልወሰናችሁትን ልክ ባዶ ተዉት፣ በግምት የሞላችሁትን ቁጥር ግንበኛው ያምነዋል። ከሥር ደግሞ አስምራበት፦ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የነገራችሁትን ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ሁሉም በስልኩ ፎቶ አነሳው። እኔ አፌን አጣምሜ አለፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይገባ ቀድሜ መጥቼ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ምክሩ ደግሞ ሠራ። ባይሠራ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሃል ትልቁ ሥራ መጣ። የአንድ የመርካቶ ተራ ባለሱቆች አክሲዮን መሥርተው በአሮጌዎቹ ሱቆቻቸው ቦታ ባለ ስድስት ፎቅ ሊሠሩ ነው። ኢንጂነር ፍስሐ በሁላችን ፊት ተናገረ፤ ባለሱቆቹ ሞዴሉን ካጸደቁት ሀምዲያ የሞዴሉ ኃላፊ ትሆናለች። ኃላፊ! እኔ ከቢሮው ጋር አብሬ ያደግሁ ሰው፣ ከእንግዲህ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ከሷ ሥራ ልቀበል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሞዴሉ ሊያልቅ ሲል ሀምዲያ የራሷን ምክር ተከትላ እኔ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ ዱባለ፣ እርስዎ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ነዎት። ባለሱቆቹ የሚፈልጉት፣ እኔ ግን ያላስገባሁት ነገር ካለ ይዩልኝ» አለችኝ።

ስክሪኑን አየሁ። ሱቆቹ ያምራሉ። ከወለል እስከ ኮርኒስ ሁለት ሜትር ከሰባ፣ ከኮርኒሱ በላይ የአየር ማስተላለፊያና የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ። የመርካቶ ሱቅ ግን ግማሹ ያለው ከላይ ነው። ከባለሱቁ ራስ በላይ በጣውላ የተሠራ ቆጥ አለ፤ ዕቃው እዚያ ይከመራል፣ በመሰላል እየተወጣ ይወርዳል፣ የደከመውም እዚያው ጋደም ይላል። ቆጥ የሌለው ሱቅ ኪስ የሌለው ኮት ነው። በዚያ ቁመት ቆጥ አይገባም፤ በግድ ይግባ ቢባል ከቧንቧው ጋር ይላተማል። ወዲያው ነው ያየሁት።

«ምንም የጎደለ የለም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«ሀምዲያ፣ ሥራ ይዣለሁ።»

አመስግናኝ ሄደች። ቧንቧ ከግድግዳ፣ ኮለን ከበር የሚጋጭ እንዳለ ሶፍትዌሩን አስፈተሸችው። ግጭት ዜሮ። በደስታ አጨበጨበች። ቆጡ እዚያ ውስጥ የለ፣ በምን ይጋጫል? እኔም ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ባለሱቆቹ ወደ ቢሯችን አዳራሽ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ወደ አርባ ይሆናሉ። ሀምዲያ ሞዴሉን ግድግዳ ላይ አብርታ በበሩ አስገባቻቸው፣ ደረጃውን አስወጣቻቸው፣ እያንዳንዱን ሱቁ ድረስ ወሰደችው። «የኔ ናት! ያቻት!» ይባባላሉ። ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ። እኔ ከኋላ ቆሜ እትዬ የሺን ብቻ እመለከታለሁ። እትዬ የሺ ከእናቴ ሱቅ ጎን ዕድሜ ልካቸውን ብርድ ልብስ የሸጡ ሴት ናቸው፤ ያያሉ፣ አይተውም ዝም አይሉም።

እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ቆጤስ የታለ?»

«ቆጥ?» አለች ሀምዲያ።

አዳራሹ ተንጫጫ። «እውነትም ቆጡስ?» «ዕቃችንን ተሸክመነው ልንውል ነው?» ሀምዲያ ወደ ስክሪኑ ዞረች፣ ቁመቱን አየች፣ ፊቷ ቀላ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ከልቤ ደስ አለኝ።

ኢንጂነር ፍስሐ ተነሳ። «ይህን ቁመት ማነው ያረጋገጠው?» ብሎ ማውሱን ከእጇ ተቀበለና የንድፉን ጥግ አጎላው። እዚያ ባለችው የስም ሣጥን ውስጥ ያለውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ያዘጋጀችው ሀምዲያ። ያረጋገጠው ዱባለ።»

ስሜን እንደጻፈችው አላውቅም ነበር።

እትዬ የሺ ወንበራቸው ላይ ዞሩ። «ዱባለ? የኛው ዱባለ? አንተ እናትህ ቆጥ ላይ አይደል እንዴ ያደግከው? ምን ነካህ?»

አርባ ሰው ዞሮ አየኝ። የምለውን ስፈልግ ሀምዲያ ቀደመችኝ።

«ጋሼ ዱባለ ነግረውኝ ነበር። የረሳሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እውነቱን ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረኝ። ዝም አልኩ።

ሰኞ ኢንጂነሩ የኃላፊነቱን ወንበር ለኔ ሰጠ፤ ሀምዲያ በሩ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች። ወለሎቹን ከፍ አድርጋ፣ ቧንቧዎቹን አዙራ፣ ለየሱቁ ቆጥ እየሠራች ነው። የማላውቀው ሲበዛ አሁንም ወንበሯን ስባ ትመጣለች። «መጀመሪያ የከፍታውን ቁልፍ ይፍቱ፣ ሲጨርሱ መልሰው ይቆልፉት» ትለኛለች። አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«ለምን ዋሸሽልኝ?»

ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። «ባለሱቆቹ እኔን አያውቁኝም፣ እርስዎን ያውቃሉ። እርስዎን ካላመኑ ሥራው ይቆማል። ስምዎንም የጻፍኩት ለዚያ ነበር።» ቆጡን አይቼ እንደደበቅኳት ገብቷታል፤ ይህን ብላ ወንበሯን ስባ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የፈለግሁትን አገኘሁ። ቅናቱ ግን ይለቀኛል ስል ባሰበት። ድሮ በእጇ ፍጥነት ነበር የምቀናው፣ እሱን በልምድ እደርስበት ይሆናል። ያን ቅዳሜ ግን እኔ በሷ ቦታ ቆሜ፣ እሷ በኔ ቦታ ብትሆን ኖሮ፣ ኢንጂነሩ እስኪያነብ መች እጠብቃለሁ? ስሟን ራሴ ነበርኩ ጮክ ብዬ የማነበው።