እህቴ «አርም» ብላ ያነበበችው

ታናሽ እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች። ቀጭንና ጎበጥ ያለች ስለሆነች ባልደረቦቿ «ነጠላ ሰረዝ» ይሏት ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ከቤታችን የተማረችው እሷ ናት።

ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲያ የማተሚያ ቤቱን ደረጃ መውጣት አቃታት። ኃላፊው፣ «ቤትሽ ሆነሽ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ከተገናኘሽ ሥራው ያንቺ ነው። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካልተገናኘሽ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ አተር እፈለፍላለሁ። የማገናኛው ፕሮግራም የሚወርድበት ገጽ ሦስት ምርጫ አወጣላት። አንዱ ኤክስ 86፣ አንዱ ኤክስ 64 ይላል፤ በሦስተኛው ላይ ኤ፣ አር፣ ኤም የሚሉ ፊደሎች አሉና 64 ይከተላቸዋል። እሷ ፊደሎቹን ገጥማ አነበበቻቸው።

«አየሽ? አርም ይላል! ለእኛ ለአራሚዎች የተሠራ ነው።»

«ሌሎቹስ?»

«ለጸሐፊዎች ይሆናላ!»

እኔም አመንኩ።

አወረደችው፤ «በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» አለ። ደግማ አወረደች፤ ያው ነው። አምስት ሰዓት አለፈ።

ለማተሚያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለች። ሃያ ዓመት አብሯት የሠራ ሸበቶ ቀልደኛ ነው።

«የትኛውን አወረድሽ?»

«አርሙን ነዋ።»

ሳቁ ለእኔም ተሰማኝ። «አንቺ ነጠላ ሰረዝ! እሱ እኮ የማሽን አንጎል ዓይነት ነው፤ ያንቺ ማሽን አንጎል ሌላ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የተባለው ለሰው ነው!»

«እንግዲያው 86ቱን ላውርድ? ቁጥሩ ይበልጣል።»

«ኧረ ተይ፣ እሱ የድሮዎቹ ነው። አትገምቺ፣ አንብቢ። ቅንብር የሚለው ውስጥ ግቢና ስለ ኮምፒውተሩ የሚለውን ክፈቺ። የሲስተም ዓይነት ከሚለው ጎን ምን ይላል?»

ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ፊደል በፊደል ወረደችበት። «ኤክስ… ስድሳ አራት።»

«በቃ፣ ከገጹም እሱኑ።»

ይኼኛው ተከፈተ። ከቢሮ የሰጧትን የመግቢያ ቁጥር አስገባች፤ የቢሮዋ ኮምፒውተር ገጽታ ቤታችን መጥቶ ተዘረጋ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

እዚያ የሚጠብቃትን ጽሑፍ ከፍታ ማረም ጀመረች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ኃላፊው ደወለ። «ገባሽ?»

«ገብቻለሁ። ሦስተኛው ገጽ ርዕስ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል።»

«እንግዲያው ቀጥዪ!»

ከዚያ በኋላ በሞት እስክትለየኝ ድረስ አምስት ዓመት እዚያው መስኮት ሥር ሠራች። ማሽኑ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ አቧራውን እጠርግለታለሁ እንጂ ማብራቱን አላውቅበትም።