ዲያቆኑን የመረጥሁት እኔ ነበርሁ

ኳስ ሲሚንቶ ላይ ሲነጥር የሚሰማው ድም ድም የሚል ድምፅ ዛሬም ያልጠበቅሁት ቦታ ያገኘኛል፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬም ይሁን በትምህርት ቤት አጥር ሥር ሳልፍ፣ በሰማሁት ቁጥር እጄ እርሳስ ይፈልጋል። ሰው የልጅነቱን ድምፅ ሲሰማ ሆዱ ይባባል ይሉኛል፤ እኔ ግን እናደዳለሁ፣ ለምን እንደምናደድም አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ያደግነው ባሕር ዳር፣ አባቴ በሚያስተምሩበት ኮሌጅ ግቢ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቁት የመምህራን ቤቶች ነበር። ከቤታችን ጀርባ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነበር፣ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ አንደኛው ቅርጫት መረብ የሌለው፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ አቁሮ እንቁራሪት የሚጮህበት። ጥቅምት ገብቶ ሜዳው ሲደርቅ የየትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች ረቡዕና ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ይጋጠሙ ነበር፤ እኛ የመምህራን ልጆች ደግሞ ከእነሱ ጨዋታ ላይ የራሳችንን ጨዋታ አወጣን። አራት ሆነን ተቀምጠን፣ ከየቡድኑ ተጫዋቾችን በተራ እየመረጥን፣ እያንዳንዳችን ስድስት ስድስት ሰው በደብተር ላይ እንይዝ ነበር። የያዝነው ሰው ያገባው፣ ለጓደኛው አቀብሎ ያስገባው፣ ከቅርጫቱ ነጥሮ ሲመለስ የቀማው ኳስ ሁሉ ለእኛ ነጥብ ሆኖ ይቆጠርልን ነበር።

ይህን የጀመሩት በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ዮናስና ሦስት የጎረቤት ልጆች ነበሩ። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርሁ። እነሱ እየጮሁና እየተገፋፉ ሲያዩ እኔ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን ከሜዳው ሳልነቅል፣ እያንዳንዷን ኳስ እጽፍ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ የአንደኛው ልጅ ቤተሰብ ወደ መራዊ ተዛወረና ሰው ጎደለ፤ የጎረቤታችን ልጅ ሄኖክ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ እሷው ትግባ» አለ። ትልቅ ውለታ የዋለልኝ መስሎት ነበር!

በዚያው ዓመት አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ክርክራችንን ሰሙና፣ «ዘንድሮ ያሸነፈ ግንቦት ላይ ከእኔ ጋር በጀልባ ገዳም ይሄዳል» አሉ። በየዓመቱ ከማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር ለንግሥ ወደ አንዲት ደሴት ይሻገሩ ነበር፣ ከእኛ ግን ማንንም ወስደው አያውቁም። እኔ ሐይቁ አፍንጫ ሥር ተወልጄ አድጌ፣ ከዳር ቆሜ እንጂ ከመሀሉ ሆኜ ውሃውን አይቼው አላውቅም ነበር። ስለዚህ ቃላቸውን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬ ጻፍሁት።

ምርጫው በክብሪት እንጨት ዕጣ ተጀመረ። የመጀመሪያው ዙር ምንም ዕውቀት አይጠይቅም፤ ረጅሙንና ብዙ የሚያገባውን ማንም ያውቀዋል። በመጨረሻው ዙር የሚቀሩትም ማንም ቢወስዳቸው ያው ናቸው። ነገሩ ያለው መካከል ላይ ነው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዙር ላይ፣ ስመ ጥሮቹ አልቀው ሁሉም ጭንቅላቱን ማከክ ሲጀምር። እዚያ ላይ ማን በደንብ ሲያይ እንደከረመ ይታወቃል። እኔ በሦስተኛው ዙር ከደልጊ የመጣ አንድ አጭር ልጅ ወሰድሁ፤ ታንኳ ሲቀዝፍ ያደገ ስለሆነ ትከሻው የጠነከረ ነበር፣ ኳስ አንዴ ከያዘ ማንም አያስለቅቀውም። በአራተኛው ዙር ደግሞ «ዲያቆን ሞገስ» አልሁ።

ሳቁ እስከ በረንዳው ድረስ ተሰማ። ዮናስ ሆዱን ይዞ፣ «ዲያቆን? ሁዳዴ ሲገባ ሜዳው መሀል ተዘርሮ ልትሸከሚው ነው?» አለኝ። ሄኖክም «ተዋት፣ ከእኛ ምን ተቀነሰ» አለው። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ባለፈው ሁዳዴ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ስትሄድ ሞገስን ከጠዋት ጀምሮ በእግሩ ቆሞ ሲያገለግል አይቼው ነበር፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላም ሜዳ ላይ እንደ ወትሮው ሲሮጥ በገዛ እጄ ነጥቡን ጽፌለት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

በጋው እንዲሁ በሳቅ አለፈ። እስከ ጥር ድረስ ዮናስ ይመራ ነበር፣ እኔ ሦስተኛ ነበርሁ፣ እሱም በየምሳው «የዲያቆንሽ ጸሎት እንዴት ነው?» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ዓመቱን ሙሉ ቁርስና ምሳ ሳያጓድሉ ኖረው በሁዳዴ ብቻ ጾመኛ የሚሆኑት ኮከቦች በዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ሜዳ ይገቡና፣ ጨዋታው ሳይጋመስ ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ ወገባቸውን ይዘው ይቆሙ ጀመር። የዮናስ አንደኛ ተመራጭ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ተቀይሮ ወጣ። ሞገስ ግን ከሕፃንነቱ በባዶ ሆድ መዋል የለመደ ሰው ነውና ያው እንደ ጥቅምቱ ይሮጥ ነበር፣ ሌሎቹ የተዉትን ኳስ ሁሉ እየለቀመ ያገባ ነበር። ከሆሣዕና በፊት በነበረው ዓርብ የመጨረሻው ጨዋታ አለቀ፣ ደምረን ስናይ ከዮናስ በአሥራ ሰባት ነጥብ በልጬ ተገኘሁ። አላመኑኝም፤ ሦስቱም ደብተሩን ነጥቀው በየተራ ደመሩት፣ በየተራም ያው አሥራ ሰባት ወጣላቸው።

እየሮጥሁ ሄጄ ለአባቴ ነገርኋቸው። በመጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ውይ ልጄ! ያች ደሴት እኮ ሴት አትገባባትም።»

«ግድ የለም አባባ፣ እኔ ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቅዎታለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ? ፀሐይ ሊመታሽ!»

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ታዲያ ለልጅቱ ሌላ ነገር ይፈለግላት እንጂ፣ ቃል ገብተዋል» አለች። አባቴ ትንሽ አሰቡና፣ «ይፈለግላታል» አሉ፤ ቀጥለውም «ቦታው ከሚቀር ዮናስ ይምጣ፣ ሁለተኛ የወጣው እሱ አይደል?» አሉ።

ከገዳሙ ሥርዓት ጋር ጠብ የለኝም፤ ያኔም አልነበረኝም፣ እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ ሥርዓት ነው። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አባቴ ያን ቃል ሲሰጡ እኔ ደብተሩን ይዤ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ነበር፣ ግን ታሸንፋለች ብለው ለአፍታ እንኳ አላሰቡም። ሐይቁ ላይ ሴት የምትገባባቸው ስንት ደሴቶች አሉ! ያ «ሌላ ነገር» ደግሞ ግንቦት አልፎ፣ ክረምቱ ገብቶ፣ ሜዳው ተመልሶ ውሃ እስኪያቁር ድረስ አልተፈለገልኝም። ዮናስ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ ሲመለስ በኮዳ ጠበል አመጣልኝ። ጠበሉን ጠጣሁት፣ እሱን ግን ሁለት ወር አላናገርሁትም።

ዛሬ ዮናስ አዲስ አበባ ሆኖ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ይህንኑ ጨዋታ በስልክ ይጫወታል፤ አሜሪካ ባለው የቅርጫት ኳስ ውድድር ላይ፣ ነጥቡን ስልኩ ራሱ እየደመረላቸው። በየዓመቱ ምርጫው ሲደርስ ይደውልልኛል፣ «እህት ዓለም፣ መካከለኛው ዙር ላይ ማንን ልያዝ?» ይለኛል። ሞኟ እኔም እነግረዋለሁ።

ባለፈው ፋሲካ አባታችን ቤት ምሳ ተሰብስበን ሳለ ልጄ አጎቷ ስልኩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀች። አባቴ ደስ ብሏቸው፣ «አጎትሽ እኮ ድሮም አዋቂ ነው! ማንም ያልፈለገውን አንድ ዲያቆን መርጦ፣ ሁሉንም አሸንፎ፣ ከእኔ ጋር ገዳም ሄዷል» አሏት። ወደ ዮናስ ዞርሁ። ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ጉርሻውን ያኝካል።

«አባባ፣ ዲያቆኑን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ያሸነፍሁትም እኔ ነኝ» አልሁ።

«አንቺ ነበርሽ እንዴ?» አሉ፣ ከልባቸው ገርሟቸው። «ይሁና፣ የልጅነት ነገር ነው። ብሉ፣ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ።»

ያኔ ቢሆን ተነስቼ ሄጄ፣ ከቤቱ ጀርባ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለስ ነበር። አሁን ግን እጄን ከትሪው አነሳሁና፣ ልጄ ፊት፣ ከክብሪት እንጨቱ ጀምሬ እስከ ኮዳው ጠበል ድረስ አንድም ሳላስቀር ተረክሁላቸው። ማንም አላቋረጠኝም። ምሳው ቀዘቀዘ። ይቀዝቅዝ።