በእጅ የተጻፈው የሽሪምፕ መዝገብ

የምኖረው ኖርዝላንድ፣ የምሠራው ሂሊያርድ ነው፤ ሁለቱም ከባሕር የራቁ የፈረንጅ አገር ሰፈሮች ስለሆኑ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሥራዬ ግን ሽሪምፕ ከጥልቅ ባሕር የሚያወጡ መርከቦች መረባቸውን ለስንት ሰዓት ጎትተው ስንት ኪሎ እንዳገኙ ለጥናት ማስላት ነው። እማዬ የሽሪምፕ ፎቶ ካሳየኋት ጀምሮ ስለ ሥራዬ ለሚጠይቃት ሁሉ «የባሕር አንበጣ ይቆጥራል» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን የምታገኛቸው ሴቶች ያዝኑልኛል።

ሌሎቹ ካፒቴኖች መዝገባቸውን በኮምፒውተር ሲልኩ አንድ ሽማግሌ ብቻ በእጁ ይጽፋል። የሱ ገጾች ስካን ተደርገው ሲመጡ ወደ ሠንጠረዥ የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። እማዬ አገር ቤት ሳለች ዕድሜዋን በሙሉ መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት፤ እዚህ ከመጣች ወዲህ ቀኑን ሙሉ እጇን አጣጥፋ መቀመጡ አንገፍግፏታል። ገጾቹን አትሜ ሰጠኋትና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷ ማንበብ፣ እኔ መጻፍ ጀመርን። መነጽሯን ትወለውላለች፣ በማስመሪያ እየሸፈነች መስመር በመስመር ትወርዳለች፣ መሀል ላይ ሻይ ልጠጣ ካልኩ ትቆጣለች። እንዲህ ደስ ብሏት ስትሠራ ካየኋት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ስሌቱ ሲያልቅ የሽማግሌው መርከብ ከሌሎቹ ተለየ። በሰዓት የሚያወጣው ኪሎ ደህና ነው። ቀንና ሌሊት ብዬ ስከፍለው ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሽሪምፕ ቀን ቀን ከባሕሩ ሥር መሬቱ ላይ ያርፋል፣ ሲጨልም ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ መሬቱን የሚጠርግ መረብ የሚቀናው ቀን ነው። የሱ መረብ ግን ጎህ ሳይቀድ ሞልቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ባዶውን ይወጣል።

እኔ ደግሞ ለመፍረድ ሰንፌ አላውቅም። «ይሄ ሰውዬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚሞላው» አልኩ። መዝገቡ የማይታመን ስለሆነ ከጥናቱ ይውጣ ብዬ ጻፍኩና ዓርብ ለአለቃዬ ላክሁ። አለቃዬ በዚያው ቀን ደውሎ ለካፒቴኑ ነገረው።

በማግስቱ ለማስረጃ የሚሆን ገጽ ስመርጥ የሽማግሌውን የእጅ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አየሁት። እኔ አራት ኤኤም ብዬ የመዘገብኩት እሱ ጋ አስር ነው። ቀጣዩ መስመርም፣ ቀጣዩ ገጽም ስድስት ስድስት ሰዓት ተዛንፏል።

«እማዬ፣ እስቲ ይሄን አንብቢልኝ።»

«ጠዋት አራት ሰዓት» አለች።

«አስር ነው እኮ የሚለው።»

«ቴን ኤኤም አራት ሰዓት አይደል እንዴ? ምን ልበልህ ታዲያ?»

እሷ ምንም አላጠፋችም። በአማርኛ ስታነብልኝ ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ነው የምትነግረኝ፤ እኔ በጆሮዬ የኛን ሰዓት እየሰማሁ በጣቴ የፈረንጅ ሰዓት አድርጌ ስጽፍ ከርሜያለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ስትለኝ ሁለት ፒኤም ብዬ። ሽማግሌው የሚጎትተው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፤ መረቡ የገባበትም የወጣበትም ሰዓት እኩል ስለተዛነፈ የተጎተተበት ጊዜ አልተነካም፤ ስሕተቱ ያልታየኝ ለዚህ ነው። በጣም አፈርኩ። የሰውዬውን መዝገብ ውሸት ያደረግሁት እኔው ነበርኩ።

እማዬ መነጽሯን አወለቀች። «ስሙን እንዳጠፋኸው ሰውዬው ያውቃል?»

«ኮል አድርገው ነግረውታል።»

«አንተም ኮል አድርግለታ።»

ሰኞ ከአለቃዬ ቁጥሩን ተቀብዬ ደወልኩ። ስለ ሁለቱ አቆጣጠር ሳስረዳው አላቋረጠኝም። ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ጋር መቁጠር መጀመር ለባሕር ሰውም ይስማማዋል አለ። መዝገቡ ወደ ጥናቱ እንደሚመለስ ስነግረው አመሰገነኝ። «ከአሁን በኋላ ግን እንደሌሎቹ በኮምፒውተር ነው የምልከው፤ በእጄ መጻፍ ትቻለሁ» አለኝ። እንዲቀጥል ለመንኩት። አይሆንም አለ።

ከሥራ ስመለስ እማዬ ሳሎን ጠበቀችኝ።

«ይቅር አለህ?»

«ብሎኛል።»

«እኔም ከእንግዲህ እንደተጻፈው ነው የማነብልህ። ቴን፣ ኢለቨን፣ ቱዌልቭ» አለች በጣቷ እየቆጠረች። ተለማምዳበታለች።

ከእንግዲህ የሚነበብ ገጽ እንደማይመጣ ነገርኳት። «እሺ» አለችና ማስመሪያውን ወደ መሳቢያው መለሰችው።