የክብሪቱ ጭረት

እናቴ መቀነቷ ውስጥ ሁልጊዜ ክብሪት ትይዝ ነበር። ሲጋራ አታጨስ፣ ሱቃችን ውስጥ የሚቀጣጠል ምድጃ የለ። ክብሪቱ ለእኔ ነበር። ስወድቅ አፍንጫዬ ሥር ጭራ ጢሱን እንድስብ ታደርገኛለች። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው እንዲያ ነው የሚደረገው፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። እኔም በሽታዬ እሱ መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችን። ችግሬ ሁለት ነበር። አንደኛው እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ አድሬ እንኳ ጋቢ እያጠፍኩ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ ይወስደኛል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የሐበሻ ቀሚስ ስትከራከር አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። በእኛ ገበያ ሻጭ ዝም ካለ አልቀንስም ማለቱ ነው። ሴትዮዋ ጨመረች። አሁንም ዝም። ደግማ ጨመረች። ስነቃ እናቴ ቀሚሱን በጋዜጣ እየጠቀለለችላት ነበር። ሴትዮዋ ስትሄድ እናቴ እንዲህ ያለውን ጽናት ከየት አመጣሽው ብላ መረቀችኝ። እውነቱን አልነገርኳትም፤ ምርቃት ማን ይጠላል።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ስስቅ ነው። ከልቤ ከሳቅኩ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ አገጬ ደረቴ ላይ ይወርዳል፣ እንደ እርጥብ ጋቢ እጥፍጥፍ ብዬ መሬት ላይ እቀራለሁ። ጥቂት ቆይቼ ምንም እንዳልሆነ ሰው እነሣለሁ። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ ሁለት ሱባኤ ተጠመቅሁ። ጠበሉ ቀዝቃዛ ስለነበር አንድም ቀን አልሳቅኩም፣ አንድም ቀን አልወደቅኩም። እናቴ ተፈወሰች ብላ ስለት አስገባች። ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን ወደቅሁ።

ከዚያ በኋላ አለመሳቅን ተማርኩ። ሰው ሊቀልድ ሲያኮበኩብ ከንፈሬን ነክሼ የቤት ኪራይ አስባለሁ። ሠፈሩ ኩራተኛ አለኝ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ቀልድ ተናግሮ አዳራሹ በሙሉ ሲስቅ እኔ ብቻ ፊቴን አጨፍግጌ ተቀመጥኩ። በማግሥቱ ቅሬታ አለሽ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። ጥርሴን አሞኝ ነው ብዬ አመለጥኩ። በዚያን ጊዜ እንደዚያ ያለ ጥያቄ የሚያስቅ አልነበረም።

የፋሲካ ሰሞን ግን አልቻልኩም። ፊት ለፊታችን ሽርጥና የአንገት ልብስ የምትሸጥ የወሎ ሴት ነበረች፤ የእናቴ የልብ ወዳጅ፣ የሰው አኳኋን በማስመሰል የሚስተካከላት የለም። እናቴ ዋጋ ስትከራከር ነጠላዋን ሁለቴ ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ ወደ ጣሪያው አንጋጣ «እኔስ ልጅ አላሳድግ?» የምትለውን ጎረቤታችን አስመስላ አደረገችው። ሳቄ አመለጠኝ። ተራው በገዢ ተጨናንቆ ሳለ ከነያዝኩት ነጠላ ደጃፉ ላይ ተዘረጋሁ። እናቴ ክብሪቱን አወጣች። ገዢው ወደ ኋላ ሸሸ።

ያን ዕለት እናቴ ቁርጡን ነገረችኝ። ከበዓሉ በኋላ ሱቅ አልመጣም፤ ቤት እቀመጣለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ አላለችም፤ እኔም ገብቶኝ ስለነበር አልጠየቅሁም። የሚጥል በሽታ አለባት ከተባለች ሴት ጋር ማን ማዕድ ይቆርሳል፣ ማንስ ያገባታል? እናቴ ገበናዬን ልትሸፍን ነበር። እኔ ግን በቁሜ የተቀበርኩ ያህል ተሰማኝ።

ገዢዎቹ ሲሸሹ ያልሸሸች አንዲት ነርስ ነበረች። በማግሥቱ ተመልሳ መጥታ እናቴን ለብቻዋ አነጋገረቻት። እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል የነርቭና የእንቅልፍ ችግር የሚያይ ሐኪም እንዳለ ነግራ ቀጠሮ ያዘችልን። እናቴ የሚያውቀን ሰው እንዳያየን ብላ ከመሳለሚያ ታክሲ አሳፈረችኝ፤ ፊቴን በነጠላ ሸፍና እንደ ሙሽራ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ሽበት የጀመረው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ረፋዱ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ አስተኙኝ። ራሴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ለመተኛት ሞክሪ አሉኝ። ልፋታቸው! ነርሷ ጫማዬን አውልቃ ሳትጨርስ ተኝቻለሁ። ከዚያ ሐኪሙ እናቴንና እኔን አስቀምጦ ስለ አወዳደቄ ጠየቀ። እናቴ ስለ ክብሪቱ ስትነግረው ብዕሩን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ክብሪቱ ሲጫር ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል» አልኩት። «ባለፈው ሦስት እንጨት ተሰበረባት፤ አራተኛው ነው የተቀጣጠለው። እመብርሃን ድረሺላት ትል ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ ቢስሚላሂ እያለች እግሬን ስትሸፍን ነበር።»

እናቴ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ሐኪሙ ፈገግ አለ። የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው ክብሪት ቀርቶ መድፍ ቢተኮስ አያውቅም አለ፤ የኔ ግን የእንቅልፍ በሽታ ነው። ሰው ሲተኛ የሚዝለው ጅማት እኔ ነቅቼ እያለሁ፣ ስስቅ ይዝላል። ያን ሁሉ ጊዜ መስማቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም፣ የሚወድቅ ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ ጨርሶ አይለቅሽም፣ ነገር ግን ይቀልልሻል ብሎ የምውጠውን ክኒን አዘዘ። በቀን ሁለት ጊዜ ሩብ ሩብ ሰዓት እንድተኛም አዘዘኝ። መሳቅ እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«እንዳሻሽ ሳቂ» አለኝ። «ብቻ የምትቀመጪበት ቦታ ያዢ።»

ከሆስፒታሉ ስንወጣ እንደ ላባ ቀልሎኝ ነበር። ነጠላውን ከፊቴ አወረድኩት፤ እናቴ አልከለከለችኝም። ታክሲ ስንጠብቅ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ስወድቅ ያለችውን ሁሉ ሰምቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምኑን እንደምትል አወቅሁ። አንድ ጊዜ ቤታችን ወለል ላይ ወድቄ ሳለ፣ ራሴን ታቅፋ «አምላኬ፣ ከእኔ በፊት ውሰዳት፤ እኔ ከሌለሁ ማን ያነሣታል?» ብላ ነበር። መዋሸት እችል ነበር። ሰምቻለሁ አልኳት። እዚያው መንገድ ዳር አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ከጋቢው ክምር ጀርባ መኝታ አበጀችልኝ። የሚጠይቅ ገዢ ሲመጣ ሐኪም አዟት ነው ትላለች፣ ጮክ ብላ፣ ተራው ሁሉ እንዲሰማ። ክኒኑ መውደቄን ቀነሰልኝ። ጨርሶ ግን አልጠፋም፤ አንድ ቀን የወሎዋ ሴት ያቺን ነጠላ መመለስ እንደገና አመጣችው። ሳቅኩ፣ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን ሳቅኩ። ጉልበቴም ከዳኝ።

መሬት ላይ ሆኜ የክብሪቱን ጭረት ጠበቅሁ። አልመጣም። እናቴ ሥራዋን ትታ አጠገቤ መሬት ላይ ስትቀመጥ ሰማሁ። እጄን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አለሁ ልጄ» አለችኝ። «እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ቀስ ብለሽ ተነሺ።»