እስቲልየው እና የእትዬ አምባር

እስቲልየው የሚለውን ስም ያወጣችለት እናቱ አይደለችም፤ ሰፈሩ ነው። ሰውዬው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። አንዱ ሬዲዮ ተሸክሞ መጥቶ "ድምጽ ማጉያው ነው የሞተው" ሲለው "እስቲ ልየው" ይላል፤ ሌላው ዝናብ ሊመጣ ነው ቢለው ደጅ ወጥቶ፣ ቀና ብሎ፣ አሁንም "እስቲ ልየው" ነው መልሱ። ሰው ይስቅበታል እንጂ ዕቃውን ሌላ ቤት አይወስድም። በሥራው አንድ ሕግ አለው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው። ሁለት ዕቃ አንድ ላይ ቀይረህ ሬዲዮው ቢናገር፣ የትኛው እንዳናገረው በምን ታውቃለህ? ይህን ለደንበኛውም ላላፊ አግዳሚውም ሳይታክተው ይለፍፋል።

ታላቅ እህት አለችው፤ እትዬ ይላታል። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ልብስ ሰፍታ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬም ከሱቁ ጎን ባለችው ክፍል ትሰፋለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የሚጥል በሽታ ያዛት፤ አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለች ጣላትና የስፌት መኪናው መርፌ አውራ ጣቷን በስቶ ወጣ። ሐኪም ቤት ሄዳ ጧትና ማታ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላት። ሐኪሟም በድንገት እንዳያቋርጡት፣ ብሶ ይመለሳል ብላ አስጠነቀቀቻት። በዚያው ሳምንት ደግሞ ገበያ መሀል አንድ አፈ ቅቤ ነጋዴ የመዳብ አምባር ሲሸጥ አገኘችው። አምባሩ በማሽን ኃይል ተሞልቷል፣ ከጭንቅላት መጥፎ ኤሌክትሪክ ስቦ ያወጣል አላት። ገዝታ አጠለቀችው። ሰባት ወር ሙሉ አልወደቀችም።

ማን አዳናት? አምባሩ ነዋ! ክኒኑማ ያፈዛታል፣ ያስተኛታል፤ አምባሩ ምንም አላላት። እስቲልየው ሊያስረዳት ያልሞከረበት ቀን የለም። ባትሪ እንኳን ተሞልቶ ያልቃል፣ ይሄ ሽቦ ምን ቤት ነው ሰባት ወር የሚቆየው እያለ ይስቅባታል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። ጭራሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ድረስ መጣችና በገዛ ሕጉ ያዘችው።

"በአንድ ጊዜ አንድ ነገር አይደል የምትለው? እሺ፣ እኔም አንዱን ላውጣ። ከሰኞ ጀምሮ ክኒኑን አቆማለሁ።"

ክው አለ። ሕጉ ልክ ነው፤ ግን የትኛው ይውጣ? ሬዲዮ ላይ ቢሳሳቱ የሚቃጠለው ፊውዝ ነው። እዚህ የምትወድቀው እትዬ ናት፣ ያውም እሚሽከረከር መኪና ላይ። የሐኪም ቀጠሮሽ እስኪደርስ ሁለት ወር ብቻ ታገሺኝ ብሎ እግሯ ላይ ወድቆ ለመናት። አንጀቷ አልችል ብሎ እሺ አለችው። አምባሩን ስለማውለቅ ግን ትንፍሽ አላለም። እልህ ይይዛታል፣ በጄ አትልም ብሎ በሆዱ ደመደመ።

ከተቃጠለ ትራንስፎርመር መዳብ ፈታ፤ ጠምዝዞ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ቁርጥ የእሷን የመሰለ አምባር ሠራ። ልብስ ልታጥብ ስታወልቀው ጠብቆ ቀየረውና የእሷን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ያንን ሁለት ወር እንዴት እንዳሳለፈው እሱ ነው የሚያውቀው። የስፌት መኪናዋ ድምጽ ቀጥ ባለ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይላል። ክኒኗን ሳታጓድል ዋጠች፤ አንድም ቀን አልወደቀችም።

ቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው ሱቁ ጠራትና እውነተኛውን አምባር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። የምሥራች እንደሚያበስር ሰው ጥርሱ አልከደን ብሎ ነበር።

"ሁለት ወር ሙሉ እጅሽ ላይ የነበረው የኔ ሽቦ ነው። ከመውደቅ የያዘሽ ክኒኑ ነው፣ እትዬ።"

የእጇን አውልቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገችና ብዙ አየቻቸው። ትስቃለች ብሎ ነበር፤ ቢበዛ ትቆጣለች።

"ክኒኑንስ በየወሩ ከፋርማሲ የምታመጣልኝ አንተ አይደለህ?" አለችው ቀስ ብላ። "እሱንስ ለሙከራ ቀይረኸው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

ማለ፣ ተገዘተ። የሰው መሐላ አምኖ የማያውቅ ሰው በመሐላ እመኚኝ ማለቱ ራሱንም አሳፈረው። የባሰበት ደግሞ ጥያቄዋ ልክ መሆኑ ነው፤ እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን ያንኑ ይጠይቅ ነበር። የክኒኑን እሽግ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ሄደች። የዚያን ዕለት ማታ አልዋጠችም። በማግስቱ ጧትም አልዋጠችም። ሁለት ወር የፈራውን ነገር በገዛ እጁ አመጣው፣ የኔ ብልጥ!

ወደ ሐኪም ቤት ብቻዋን ተነሳች። እሱም ሱቁን ዘግቶ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ተከተላት። ዓይኑ ከእግሯ ላይ አልተነቀለም፤ መንገድ ስታቋርጥ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። እየተከተላት መሆኑን አውቃለች፤ ግን ዞር ብላ አላየችውም።

በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከብዙ ሰዓት በኋላ አዲስ እሽግ ይዛ ወጣች። ፋርማሲስቷን ጽሑፉን አስነብባ፣ ማሸጊያውን ዓይኗ እያየ አስቀድዳ፣ እዚያው በውሃ ውጣ ነው የመጣችው። ሐኪሟም ስለ ክኒኑ እሱ ካለው የተለየ አልነገረቻትም፤ እንዳያፈዛት ብላ መጠኑን ብቻ አስተካከለችላት። በእጇ ላይ ምንም አምባር አልነበረም። አላልኩሽም ሊል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ዋጠው።

"ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ ራሴ አወልቀው ነበር" አለችው። "አሳድጌህ ማን መስዬህ ነው?"

እውነቷን ይሁን ንዴት ያናገራት ይሁን ማወቅ አልቻለም። መጠየቅ የነበረበት ያኔ ነው፤ አሁን በምን ያጣራዋል? እሷ ቀድማ ሄደች፣ እሱም ከኋላ።

ከዚያ ወዲህ ክኒኗን የምትገዛው ራሷ ናት፤ የምታስቀምጠው ደግሞ ከጨርቆቿ ጋር በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው። ጧት ጧት በበሯ ብቅ ብሎ ዋጥሽ ወይ ይላታል። ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሳ "ውጫለሁ" ትለዋለች። ከዚህ ወዲያ በምን ፊቱ "እስቲ ልየው" ይበላት?