በማርሽ ያዢው

ዛሬ ጠዋት ጉርድ ሾላ ላይ፣ ከፊታችን ከቆመ የጭነት መኪና የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። የታክሲውን መስኮት ዘጋሁት፤ ያ ሽታ ግን አንዴ ከገባ አይወጣም፣ አየሽ። አባቴ አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ፣ በፌስታል አድርገው የሰጡን ጃኬቱ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

አባቴ የገልባጭ መኪና ሹፌር ነበር። ፍሬኑ እንደማይይዝ ለመኪናው ባለቤት ቢነግረው፣ «ቀስ እያልክ በማርሽ ያዘው» ብሎ ጠጠር አስጭኖ ሰደደው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በጠሰ። ከታች ሰው ታክሲ ለመያዝ ተሰልፎ ነበርና አባቴ መሪውን ወደ ግንቡ ጠመዘዘው። ማንም አልሞተም። የእሱ ቀኝ እግር ግን ተቆረጠ። ባለቤቱ ለትራፊክ ፖሊሱ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «እንቅልፍ ወስዶት ነው።»

ከዚያ ወዲህ አባቴ የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ ቀረ። ጎረቤት ሲመጣ ማንም ሳይጠይቀው «አልተኛሁም እኮ» ይላል። ያን በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር። ያንን የመኪና ባለቤት በሰው ፊት አንገቱን ሳላስደፋ እንደማልሞት ለራሴ ማልኩ።

መንዳት የተማርኩት ለዚህ እንጂ መኪና ወድጄ አልነበረም። በትንሽ የጭነት መኪና ጀምሬ፣ ዓመታት ቆይቼ፣ ለከባዱ መንጃ ፈቃድ ተመዘገብኩ። አቧራና ናፍታ በሚሸተው ሜዳ ላይ ወንዶቹ «እህቴ፣ እግርሽ ፍሪሲዮን ይደርሳል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አሠልጣኛችን ግን ቀልድ የማይወዱ ሽማግሌ ነበሩ። «ሞተር ሳታስነሺ ዙሪያውን ዙሪ። የፍሬኑ አየር ሲያመልጥ ያፏጫል፤ ስሚው። ያላመንሽውን መኪና አትንጂ» ይሉኛል። የተግባር ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅሁ፤ ደግሜ አለፍኩ።

ከዚያ አባቴ ይሠራለት የነበረው ያው ሰውዬ ዘንድ ሄጄ ተቀጠርኩ። መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ አነበበ። ከስሜ ቀጥሎ የአባቴ ስም አለ። ምንም አላስታወሰውም። «ሴት ጥሩ ነው፣ መኪና አትጎዳም» ብሎ መለሰልኝ። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ጠልቼው አላውቅም።

ወራት ጠበቅሁ። በየማለዳው መኪናውን እዞራለሁ፤ ጎማው ሥር አጎንብሼ አዳምጣለሁ። አንድ ጠዋት ለቦሌ አራብሳ ግንባታ ጠጠር ተጭኖ ሳለ፣ ያ ፉጨት ተሰማኝ። ፍሬኑ አየር እንደማይይዝ ነገርኩት። ኮንትራክተሩ፣ ጫኞቹ፣ ሌሎቹ ሹፌሮችም እዚያው ቆመዋል።

«ቀስ እያልሽ በማርሽ ያዢው» አለኝ።

ቁልፉን ዘረጋሁለት።

«እንግዲያው እርስዎ ይንዱት። እኔ አጠገብዎ ጋቢና እቀመጣለሁ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ይግቡ እንጂ! ወይስ እንቅልፍ እንዳይወስድዎት ፈሩ?»

ያኔ ነው የአባቴን ስም ጮክ ብዬ የጠራሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከሹፌሮቹ በዕድሜ የሚበልጡት ቀረብ አሉና «የሱ ልጅ ነሽ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ የራሳቸውን መኪና ቁልፍ ሰውዬው እግር ሥር ጣሉት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ኮንትራክተሩ ስልኩን አውጥቶ ሌላ ጠጠር አቅራቢ መፈለግ ጀመረ። ሰውዬው ከዘረጋሁለት ቁልፍ ላይ ዓይኑን አንስቶ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

እንዴት ጣፈጠኝ! አልዋሽሽም፣ ዛሬም ሳስበው ይጣፍጠኛል።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወጥቼ ለአባቴ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት። እስኪስቅ ጠበቅሁ። እጄን ያዘ።

«መኪናው እንደተጫነ ነው የተውሽው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ጎማው ሥር ታኮ አድርገሻል? ልጆች ያልፋሉ እኮ በዚያ።»

«አድርጌያለሁ። ትልቅ ድንጋይ ነው ያደረግሁት።»

«ጎበዝ» አለኝ።

በተከታዩ ክረምት አረፈ። እስከ መጨረሻው ስለዚያ ሰው አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ሌላ ቦታ በሹፌርነት ተቀጥሬ፣ ማታ ማታ ደክሞኝ ስገባ፣ የሚጠይቀኝ ስለ መንገዱ ነበር።

«ዛሬስ እንዴት ነው? ያንሸራትታል?»